መቀስ የማይገባበት ክፍል

ወንድሜ ኢዋኦ ፀጉር አስተካካይ ነው። መቀሱ ከእሱ የሚለየው ሲተኛ ብቻ ነው። ምግብ ላይ ተቀምጦ እንኳ ከጋውኑ ኪስ ውስጥ ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማኛል። ይህ ሰው ያገባት ሴት ደግሞ በሥራ ክፍሏ መቀስ ድርሽ እንዲል አትፈቅድም። ቢላ የለም፣ ምላጭ የለም። ጣቶቿ፣ ብሩሽ፣ አንድ ሲኒ ውሃ፣ ወረንጦና የዱቄት ሙጫ፤ በቃ። ፊት ለፊት ያለው ክፍል የእሱ ፀጉር ቤት ነው፣ ከኋላ ያለው የእሷ ነው፣ በመካከላቸው አንድ ደረጃ አለ። ሁለት ሰዎች እንዲህ ተቃራኒ ሆነው በአንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ አይቼ አላውቅም። እኔ ደግሞ ከአጥር ማዶ ስለምኖር ሁሉንም አያለሁ።

የምሥራቅ ንፋስ ሲነሳ ከኒዮዶ ወንዝ ዳር የወረቀት መሥሪያዎቹ ሽታ ይመጣል። የወንድሜ ሚስት እትዬ ቶሞኤ ወረቀቷን የምታመጣው ከዚያ ነው። የሽንኩርት ልጣጭ ከሱ ይወፍራል። አስነጥሶኝ አንዱን ሰማያዊ ወረቀት እስከ ጣሪያ አስነስቼባት አውቃለሁ፣ ያን ቀን አላናገረችኝም። ሥራዋ ቺጊሪ ይባላል። ብሩሹን ውሃ ነክራ ወረቀቱ ላይ የፈለገችውን መስመር ትስላለች፤ ወረቀቱ ውሃውን እስኪጠጣ ትጠብቃለች፤ ከዚያ ግራና ቀኙን ይዛ ቀስ ብላ ትስባለች። ከትኩስ ዳቦ ላይ ቆረስ እንደማድረግ ነው። ወረቀቱ ድምፅ አያሰማም። ሲለያይ ጠርዙ ላይ ስስ ክሮች ይወጣሉ። አንዱን ቁራሽ ሌላው ላይ ስትለጥፈው ክሮቹ እርስ በርስ ይተኛሉ፣ ድንበራቸው አይታይም። የተራራ ጉም፣ የዓሣ ሆድ፣ የኮክ ጉንጭ፣ ሁሉንም ያለ ቀለም በዚህ ታወጣዋለች።

እኔም አንድ ክረምት ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ልማር ብዬ ገብቼ ነበር። የሁሉም ሰው ኮክ ኮክ ሲመስል የእኔው ስኳር ድንች ሆነ። እትዬ ቶሞኤ አገላብጣ አየችውና፣ «ቢያንስ ክብ ነው» አለች። ሙገሳ አታውቅም። ከዚያ ወዲህ ወደ ክፍሏ የምገባው ለወሬ ብቻ ነው።

ወንድሜ ታዲያ ይህን ሥራ በስሙ ጠርቶት አያውቅም። ጠዋት ጠዋት ፀጉር ቤቱን ከመክፈቱ በፊት በደረጃው ላይ አንገቱን ያስገባና፣

«ዛሬም ቀደዳ ላይ ነሽ?» ይላታል።

«ቀደዳ አይባልም። ቺጊሪ ነው።»

«ያው ነው።»

«ያው አይደለም።»

ይህ ከተጋቡ ማግስት ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ሰው «እንዴት አደርሽ» እንደሚለው እነሱ ይህንን ይላሉ። አንዳንዴ አጥሩን ተደግፌ፣ «ወንድም ጋሼ፣ አንዴ እንኳ በስሙ ብትጠራላት ምን ትሆናለህ?» እለዋለሁ። «ፀጉር ሲለያይ ተቆረጠ፣ ወረቀት ሲለያይ ተቀደደ። ቋንቋ አልፈጠርኩም» ይለኛል። ግትር ነው። አባታችንም እንዲሁ ነበር፣ በሱ መበሳጨቴን ከተውኩ ቆየሁ።

የእትዬ ቶሞኤ ሥዕሎች የሚሰቀሉት በሰፈሩ አዳራሽ ኮሪደር ላይ ነው። በየበልጉ አይደለም፣ በመኸሩ በዓል ብቻ። ቦታቸውም በእሳት ማጥፊያውና በመጸዳጃ ቤቱ በር መካከል ነው። እኔ አዳራሹን ከሚያስተዳድሩት ሰዎች ጋር በዚህ ስንቴ እንደተጨቃጨቅሁ! እሷ ግን፣ «ተይ ሚሳኦ፣ ሰልፉ ረጅም ሲሆን ሰው ቆሞ ያያቸዋል» ትለኛለች። ከልቧ ነው የምትለው፣ እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ባለፈው መኸር የወንድሜ ልጅ ቺሆ ደወለች። ማትሱያማ ከተማ የጥርስ ሐኪም ቤት ነው የምትሠራው። እዚያ ሪዮሄይ የሚባል ልጅ ተዋወቀች፣ ቤተሰቡ ከድሮ ጀምሮ የሠርግ ጣፋጭ ሠሪዎች ናቸው። ልጁን አይተነዋል፤ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ ደህና ልጅ ነው። ወላጆቹ በልጅነቱ ስላረፉ ያሳደጉት አያቱ ወይዘሮ ካዙኖ ናቸው።

«እማዬ» አለች ቺሆ በስልክ፣ «የሠርጉ ቀን የአዳራሹ በር ላይ እንግዳ የሚቀበል ሥዕል ይቆማል። አንቺ ሥሪልኝ።»

እትዬ ቶሞኤ ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ ለአፍታ አየችው። ከዚያ፣ «በር ላይ?» አለች።

«በር ላይ። መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው።»

እስከ ጆሮዋ ቀላች። በዚህ ዕድሜዋ እንደ ኮረዳ ስትቀላ ሳይ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ክረምቱን ሙሉ ያንን ሠራች። የሣለችው መደገፊያ የሌለውን ድልድያችንን ነው። ወንዙ ሲሞላ ውሃ በላዩ እንዲያልፍ ተብሎ ዝቅ ተደርጎ የተሠራ ድልድይ ነው፣ ቺሆ ብስክሌት የተማረችው እዚያ ላይ ነው፣ አንዴም ከነብስክሌቷ ወንዙ ውስጥ ገብታለች። ውሃውን ብቻ ለመሥራት ስንት ዓይነት ሰማያዊ እንደደረበች እሷ ታውቃለች። ድልድዩ ላይ ጥፍር የሚያካክሉ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። በወዲህ በኩል የእኛ ሰፈር ጣሪያዎች አሉ። በወዲያኛው ዳር ግን ነጭ ጉም ብቻ ነው።

«ማዶው ምነው ባዶ ሆነ?» አልኳት።

«የልጁን ቤት መቼ አየሁትና? ያላየሁትን አልሠራም።»

ፀደይ ሲገባ ሁለቱ ቤተሰቦች ለመተዋወቅ ኮቺ ከተማ ምግብ ቤት ተገናኘን። በእነሱ በኩል ሪዮሄይና አያቱ፣ በእኛ በኩል ወንድሜ፣ እትዬ ቶሞኤ፣ ቺሆና እኔ። ወይዘሮ ካዙኖ ቀጥ ብለው የሚቀመጡ፣ ሲናገሩ ቃሉን አፋቸው ውስጥ አጣጥመው የሚያወጡ ሴት ናቸው። አይፈረድባቸውም። ዕድሜ ልኩን ከሠርግ እንጀራ የበላ ሰው በቃላት አይጫወትም። በሠርግ ወሬ ላይ መቁረጥ አይነሳም፣ መለየት አይነሳም፣ መሰበር አይነሳም፤ ገደ ቢስ ነው። ኬኩ እንኳ አይቆረጥም፣ ቢላ «ይገባበታል» ነው የሚባለው። ድግሱም አያልቅም፣ «ይከፈታል»። ይህንን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል።

ወንድሜም ያውቀዋል። ግን ገለባ እሳት ላይ ለብለብ የተደረገው ዓሣ መጣ፣ ከዓሣው ጋር የሩዝ ጠጁ ሳኬ መጣ፣ ከሳኬው ጋር ኩራቱ መጣ። የእትዬ ቶሞኤን እጅ ሳይጠብቅ ሥዕሉን ከተጠቀለለበት ጨርቅ አውጥቶ ጠረጴዛው መሐል አቆመው።

«ይኸው! ጉድ እዩ!» አለ። «ይሄን ሁሉ ባለቤቴ በእጇ ነው የቀደደችው! ተራራው ተቀዷል፣ ወንዙ ተቀዷል፣ ድልድዩ ተቀዷል፣ ሙሽሮቹ ሳይቀሩ ተቀደዋል! አንድ ያልተቀደደ ነገር ያገኘብኝ ሰው ካለ ፀጉሬን ሙልጭ አድርጌ እላጫለሁ!»

 ሪዮሄይ የያዘውን ዓሣ መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠው። መቅደድ ከሁሉም የባሰ ነው፤ በእኛ ቋንቋ ወረቀት ቀደደ የምንልበት ቃልና ቃል ኪዳኑን አፈረሰ የምንልበት ቃል አንድ ነው። ወንድሜ በሳቅ እየፈካ በሙሽሮቹ ፊት ያንን ቃል ደጋግሞ ደረደረው።

ወይዘሮ ካዙኖ ፈገግ አሉ። ያን ፈገግታ ሳይ ነገሩ እንዳበቃለት ገባኝ።

«እንዴት ያምራል!» አሉ። «እንዲህ ያለውን ውድ ነገር በር ላይ ማቆም እኮ ያሳዝናል። ሰው ይገባል፣ ይወጣል። አቧራው አለ፣ ፀሐዩ አለ። ቤት ውስጥ በክብር ቢቀመጥ ነው የሚሻለው።»

እትዬ ቶሞኤ አንገቷን ደፋች። «እንዳሉት ነው» አለች።

«ኧረ ችግር የለውም!» አለ ወንድሜ። «አቧራ ቢነካውስ? ሌላ ትቀድዳለቻ...»

ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት።

«አንቺ! እግሬን እኮ ረገጥሽው!» ብሎ ጮኸ።

ስንመለስ መኪናውን የነዳሁት እኔ ነኝ። ወንድሜ አጠገቤ ተኝቷል። እትዬ ቶሞኤ ከኋላ ሥዕሉን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ውጭውን እያየች መጣች። ቤት ልንደርስ ስንል፣ «ዓሣው ግን ጥሩ ነበር» አለች። 

በነጋታው ወንድሜን ፀጉር ቤቱ ውስጥ አገኘሁትና አፌ ያመጣልኝን አወረድኩበት።

«እኔ ምን አጠፋሁ?» አለ።

«ቀደደች አልክ!»

«ታዲያ ቀደደች እኮ!»

«በሙሽሮች ፊት! በሠርግ ጣፋጭ ሠሪ ፊት!»

አሁን ነገሩ ገባው። ከደንበኛ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ቆየት ብሎም ተስፋ እንዳገኘ ሰው ቀና አለና፣ «ይሄን ያህል ከሆነ እኔ ራሴ በመቀስ እሠራዋለሁ። ቆርጬ፣ ጥርት አድርጌ፣ ከዚያ በላዩ ላይ...»

«ቆርጠህ? ጭራሽ ልትቆርጠው!»

«አዎ እሱም አለ ለካ» ብሎ ጭንቅላቱን ያዘ።

እትዬ ቶሞኤን ክፍሏ ውስጥ ነው ያገኘኋት። ሥዕሉን ቁም ሳጥን ውስጥ ከፍራሾቹ ኋላ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራ አስገብታዋለች። ሲኒዋ ውስጥ ውሃ አልነበረም።

«ቺሆ ደውላ ነበር» አለችኝ። «አያትየውን አናግራለሁ ብላ እያለቀሰች። ተይው አልኳት። ገና ሳትገቢ ከባልሽ አያት ጋር እንዳትጣዪ አልኳት።»

«አንቺስ እትዬ?»

 ጉልበቷ ላይ ያሉትን እጆቿን እያየች፣ «እኔ የፈለግሁት አንድ ቀን እንኳ የሰው በር ላይ መቆም ነበር» አለች። «ልጄ ስትገባ እኔ በሩ ላይ ሆኜ ልቀበላት። ሌላ አልፈለግሁም።»

  ተነስቼ ሲኒዋን ውሃ ሞላሁላትና ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ቤታቸው ጭር አለ። ወንድሜ ጠዋት ጠዋት እንደ ልማዱ እስከ ደረጃው ይሄዳል፣ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋዋል፣ ይመለሳል። እሷም ብሩሿን አንስታ ትጠብቀዋለች፣ ሲመለስ ዝም ብላ ሥራዋን ትቀጥላለች። ሁለቱም ለምን እንደተከፉ ያውቃሉ፣ ሁለቱም አይናገሩትም። ከአጥር ማዶ ሆኜ «ዛሬም ቀደዳ ላይ ነሽ» የሚለውን እናፍቃለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ናፈቀኝ።

ሠርጉ ሊደርስ ሲል ቺሆ መጣች። ሙሽራ ከሠርጓ በፊት ፊቷንና ማጅራቷን ትላጫለች፤ የአንገቷ ኋላ በነጩ የሠርግ ልብስ፣ በኪሞኖው ላይ ጠርቶ መታየት አለበት። ፀጉር አስተካካይ አባት ያላት ልጅ ደግሞ ሌላ ሰው ጋ አትሄድም። ሪዮሄይም ሊስተካከል አብሯት መጣ። ከሪዮሄይ ኋላ ደግሞ ወይዘሮ ካዙኖ በሐር ጨርቅ የተጠቀለለ የጣፋጭ ሣጥን ይዘው ገቡ። ቺሆን አየኋት። ዓይኗን ከዓይኔ አሸሸች። ሆን ብላ ነው ያመጣቻቸው፤ ልጅቷ የአክስቷ ደም አለባት ማለት ነው።

ወንድሜ ልጁን ወንበር ላይ አስቀመጣት። አረፋውን መታ፣ ማጅራቷን ቀባ፣ ምላጩን አነሳ። እንደ ማንኛውም ደንበኛ ጥርት አድርጎ ላጫት። ሲጨርስ ግን ዞር ብሎ በፎጣ ዓይኑን ጠራረገ።

«አባዬ፣ እያለቀስክ ነው?»

«ሳሙና ገብቶብኝ ነው።»

«ሳሙናው እኔ አንገት ላይ እኮ ነው ያለው።»

ወይዘሮ ካዙኖ ተነስተው የቺሆን ማጅራት ቀረብ ብለው አዩት። ዱቄት የሚነፋ ሰው እንዴት እንደሚያይ ታውቁ የለም? እንዲያ አዩት። ከዚያ፣ «አቶ ኢዋኦ፣ እኔንም ቢላጩኝ?» አሉ።

ተቀመጡ። ወንድሜ ሙቅ ፎጣ አደረገላቸው፣ ማጅራታቸውን ቀባ። እኔ ወረፋ መጠበቂያው ላይ መጽሔት ይዤ ነበር፣ ገልብጬ ይዤው እንደነበር በኋላ ነው ቺሆ የነገረችኝ። ምላጩ ሽው ሽው ይላል። ሌላ ድምፅ የለም።

«ባለቤትዎ የሉም እንዴ?» አሉ ወይዘሮ ካዙኖ።

«ከኋላ ክፍሏ ናት። ሻይ ልታፈላ ነው፣ አሁን ትመጣለች።»

«እየሠሩ ከሆነ አይረበሹ። ምን እየሠሩ ነው? ምንም ድምፅ አልሰማ አልኩ።»

ምላጩ ቆመ። ቺሆ በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ።

«እየቀ...» አለ ወንድሜ። ምራቁን ዋጠ። ዕድሜ ልክ በአንድ መንገድ የሄደ አፍ በሌላ ሲሄድ ዓይኔ እያየ ነበር። «ቺጊሪ ላይ ናት» አለ።

ወይዘሮ ካዙኖ አንገታቸውን ዞር አደረጉ። «ምን አሉኝ?»

«አይንቀሳቀሱ! ምላጭ ነው!»

«ምን አሉኝ ነው የምልዎ።»

«ቺጊሪ። ስሙ ቺጊሪ ነው። ቀደዳ የምለው እኔ ነኝ። እሷ ከተጋባን ጀምሮ አይደለም ትለኛለች፣ እኔ ያው ነው እላታለሁ። ያው አይደለም። ወረቀት ሲቀደድ ይጮኻል፣ የእሷ አይጮኽም። ይኸው፣ እርስዎ ራስዎ ምንም አልሰማሁም አሉ።»

  ሴትዮዋ በመስታወቱ ውስጥ ወንድሜን እያዩ እንዲህ አሉ፦

«እኛ ሱቅ የሠርግ ሞቺ በቢላ አይነካም። የሩዙን ሊጥ ትኩሱን በእጃችን ነው ቺጊሪ የምናደርገው። አማቴ ሱቅ በገባሁ ቀን ነው ያስተማሩኝ። ለምን ቢሉ፣ ሙሽሮች የሚገቡት ቃል ኪዳንም ቺጊሪ ይባል የለ? እጃችሁ ሊጡን ሲቆርስ አፋችሁ ቃል ኪዳን ይበል ይሉን ነበር።»

ቺሆ፣ «ውይ!» አለች። እኔም ውይ አልኩ። የሚጻፉበት ፊደል ይለያያል እንጂ ድምፃቸው አንድ ነው፤ ሁለቱንም ቃል ሁላችንም ከልጅነት ጀምሮ እናውቃቸዋለን። ጀርባ ለጀርባ እንደሚኖሩ ጎረቤቶች ሆነው፣ ማናችንም አንድ ላይ አይተናቸው አናውቅም ነበር።

«ታዲያ ያን ቀን ምነው ቀደደች አሉ?» አሉ ወይዘሮ ካዙኖ።

«ሳኬው ጥሩ ነበር» አለ ወንድሜ።

ሪዮሄይ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። አያቱ ዞር ብለው ሲያዩት ሳቁን ዋጠ፣ ግን የእሳቸውም አፍ ዳር ዳሩ ተንቀሳቅሶ ነበር።

ከወንበሩ ሲነሱ መከናነቢያ ጨርቁን ከአንገታቸው ሳይፈቱ ነው ወደ ኋላው ክፍል የሄዱት። ደረጃው ላይ ወንድሜ ቀደማቸውና መንገዱን በክንዱ ዘጋ።

«ይቅርታ፣ እዚህ መቀስ አይገባም» አለ። የእሱን ከኪሱ አውጥቶ ደረጃው ላይ አስቀመጠ። ከዚያን ቀን በፊት እንዲህ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም፣ በአንገቱ ብቻ ነበር የሚገባው። ወይዘሮ ካዙኖ ቦርሳቸውን ከፍተው ለክር የሚይዟትን ትንሽ መቀስ አወጡና አጠገቡ አደረጉ።

እትዬ ቶሞኤ ሁሉንም ሰምታለች። የግድግዳው ውፍረት ከወረቀቷ አይሻልም። ተነስታ አጎንብሳ እጅ ነሣች፣ እሳቸውም አጎነበሱ።

«ወይዘሮ ቶሞኤ፣ ያ የድልድዩ ሥዕል የት ነው ያለው?»

«ቤት ውስጥ በክብር ተቀምጧል» አለች እትዬ ቶሞኤ።

ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል አፌን በመጽሔቱ ሸፈንኩ። ወይዘሮ ካዙኖ ደም መሰሉ። «ይገባኛል» አሉ፣ «ይገባኛል።» ቺሆ ሮጣ ሄዳ ፍራሾቹን አገላብጣ ሥዕሉን አመጣችው።

ምንጣፉ ላይ አኖሩት፣ ሴትዮዋ ተንበርክከው አዩት። በዚያ ምግብ ቤት በትክክል እንዳላዩት ያኔ ነው የገባኝ፤ ጆሯቸው ዓይናቸውን ከልክሎት ነበር። ጣታቸውን ሳያስነኩ ከወንዙ ሰማያዊ ወደ ሰማያዊ ተጓዙ። ጉሙ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«እዚህ ማዶ ምን አለ?»

«የእናንተ ቤት ነው። አላየሁትም፣ ስለዚህ አልሠራሁትም» አለች እትዬ ቶሞኤ።

ወይዘሮ ካዙኖ ጥቂት አሰቡ። «በራችን ላይ ጥቁር ሰማያዊ መጋረጃ አለ» አሉ። «ዝቅ ያለ ነው፣ ረጅም ሰው ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። ጣሪያው ግራጫ ነው፣ በቀኝ በኩል ትንሽ ዘመም ብሏል። ይሄ ልጅ ኳስ ሊያወርድ ወጥቶበት ነው።»

«አንዴ ብቻ ነው የወጣሁት!» አለ ሪዮሄይ ከደረጃው ላይ።

እትዬ ቶሞኤ ከሣጥኗ ጥቁር ሰማያዊ ወረቀት አወጣች። ብሩሹን ነክራ ጥፍር የምታክል መጋረጃ በውሃ ሣለች። ከዚያ ራሷ ልትስበው እጇን ዘረጋችና መለሰችው። ወረቀቱን ወደ እንግዳዋ ገፋ አደረገችው።

«እርስዎ ይሳቡት።»

«እኔ? አበላሸዋለሁ!»

«ሞቺ ያበላሻሉ?»

«ሞቺ? በጭራሽ!»

«እንግዲያው።»

ወይዘሮ ካዙኖ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ግራና ቀኙን በጣታቸው ጫፍ ይዘው፣ ውሃው እስኪጠጣ ማንም ሳይነግራቸው ጠበቁ፣ ከዚያ ሳቡ። ድምፅ አልነበረም። ቁራሿ ከነስስ ክሮቿ እጃቸው ላይ ቀረች። የኔን ኮክ «ቢያንስ ክብ ነው» ያለችው ሴት እጃቸውን ትክ ብላ አየችና፣

«እጅዎ አይቸኩልም» አለች።

ቀናሁ፣ ለምን እዋሻለሁ? ግን ደስ የሚል ቅናት ነበር። ግራጫዋን ጣሪያ እትዬ ቶሞኤ በቀኝ ዘመም አድርጋ ሠራች፣ መጋረጃዋን ወይዘሮ ካዙኖ በወረንጦ አስቀመጡ፣ ማዶው ቤት ወጣበት። ከዚያ ጣፋጩ ተከፈተ፣ ሻይ መጣ፣ ወንድሜ ሳኬ ላምጣ ሲል ሁላችንም በአንድ ድምፅ «አይሆንም!» አልነው።

የሠርጉ ቀን ሥዕሉ የአዳራሹ በር ላይ፣ ከፍ ባለ ማቆሚያ ላይ፣ ብርሃን በደንብ በሚያገኘው ቦታ ቆመ። ከጎኑ እሳት ማጥፊያ አልነበረም፣ አረጋግጫለሁ። ወንድሜ በተከራየው ጥቁር ልብስ ሥዕሉ አጠገብ ተገትሮ ለሚገባው ሰው ሁሉ፣ «ባለቤቴ የሠራችው ነው፣ ቺጊሪ ይባላል» ይላል። ለዘመድ ነገረ፣ ለሪዮሄይ ጓደኞች ነገረ፣ ወንበር ለሚያመላልሰው ልጅ ሁለት ጊዜ ነገረው። ወይዘሮ ካዙኖ ደግሞ በሌላው በኩል ቆመው፣ «መጋረጃዋን አይታችኋል?» ይላሉ። እንግዳው በሩ ላይ ታጭቆ መግባት አቃተው።

ቺሆ በነጩ ኪሞኖ ስትመጣ ሰው መንገድ ለቀቀላት። ቀስ ብላ መጣች፣ ሥዕሉ ጋ ስትደርስ ቆመች። እትዬ ቶሞኤ በጥቁር ኪሞኖዋ ከሥዕሉ ሥር ነበረች።  ቺሆ ዝቅ ብላ እጅ ነሣቻት፣ የተላጨው ማጅራቷ ሲታይ ወንድሜ ፊቱን አዞረ። እትዬ ቶሞኤ በሁለት እጇ የልጇን የአንገት ልብስ አስተካከለችላት፣ ከዚያ «ግቢ» አለቻት። በሩ ላይ ሆና ተቀበለቻት።

ሥዕሉ አሁን ማትሱያማ ነው፣ እውነተኛው መጋረጃ አጠገብ ተሰቅሏል። ጣፋጭ ሊገዛ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ እሱን ያያል አሉ።

ከሠርጉ በተመለስን ማግስት ጠዋት አጥሬ ሥር ጎመን እያጠብኩ ነበር። ወንድሜ ከፀጉር ቤቱ ወጥቶ ወደ ደረጃው ሲሄድ ሰማሁት። ቆመ። መቀሱ ደረጃው ላይ ቀጭ ብላ ስትቀመጥ ሰማሁ።

«ዛሬም ቺጊሪ ላይ ነሽ?» አለ።

 ውሃው እስኪጠጣ እየጠበቀች ይሆናል።

«የለም» አለች እትዬ ቶሞኤ። «ዛሬ ቀደዳ ላይ ነኝ።»

ወንድሜ ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። እኔ ጎመኔን ትቼ ወደ እነሱ ሄድኩ፣ ሻዩ ሳይፈላ አይቀርም ብዬ።